የአቶ ብሎን በር

ሰውዬው በገዛ ጋራዡ ደፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ወገቡ ወደ ውስጥ፣ ራሱ ወደ ደጅ። በሩን ከማጅራቱ ላይ ለማንሣት አራት ጠንካራ ፖሊስ አስፈልጓል። አሁን በሩ ደረት በሚያህል ከፍታ ላይ በሁለት አጣና ተደግፎ ቆሟል፤ በሥሩ የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ከማለቱ በፊት አጣናዎቹን አንድ ጊዜ በጥርጣሬ ያያቸዋል። የሟቹ ቀኝ እጅ ነጭ ጨርቅ እንደ ጨበጠ ቀርቷል። ከጉልበቱ አጠገብ የመስተዋት መወልወያ ጠርሙስ ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መርማሪዋ በበሩ ሥር አላለፈችም። ግቢውን ዞራ በወጥ ቤቱ በኩል ገባችና ቤቱን ከጋራዡ በሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ደረሰች። ጣቢያ ያሉ ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ቅጥነቷን አይተው፣ አንድም የገባችበት ቦታ ሁሉ ክር ሳትጎትት ስለማትወጣ ነው። ስሙ ጆሮዋ ደርሷል። አልጠላችውም።

ጠዋት ስልክ የደወለላት አለቃዋ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ነግሯት ነበር። ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌ በሩን ሲፈትሽ በሩ ወደቀበት። ረቡዕ ዕለት የበሩን ሞላ የቀየረው በር ጠጋኝ ብሎን ሳያጠብቅ ሄዷል፤ ተይዟል። እሷ ሄዳ አይታ፣ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለምሳ ብትመለስ ይበቃል። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። እሺ ማለት ለሷ ሰምቻለሁ ማለት እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት እንዳልሆነ አለቃዋም ያውቃል።

ጋራዡ ከብዙ ሰው ሳሎን ይጸዳል። በግራው ግድግዳ ላይ መሣሪያ ሁሉ በየመጠኑ ተሰቅሏል፤ ከየመሣሪያው ኋላ ቅርጹ በነጭ ቀለም ስለተሣለ አንዱ ቢጎድል ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። መፍቻዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረው አፋቸውን ወደ ቀኝ አዙረዋል። አንዱ ብቻ፣ ባለ ቁጥር ዐሥሩ፣ ወደ ግራ ይመለከታል። መርማሪዋ ፊት ለፊቱ ቆማ ትንሽ አየችውና ፎቶ እንዲነሣ ጠቆመች።

ሰፈሩ ሟቹን «አቶ ብሎን» ይለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ፋብሪካ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰው ቤት ተጋብዞ ሲሄድ ከኪሱ ካቻቪቴ አውጥቶ የተወላወለ የጠረጴዛ እግር ሳያጠብቅ ተመልሶ አያውቅም አሉ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ የራሱን ጋራዥ በር ይፈትሻል። የፍተሻው ቅደም ተከተል በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ መግቢያው አጠገብ ተለጥፏል። መጀመሪያ የሞተሩ ሶኬት ይነቀላል። ቀጥሎ ከበሩ ግራና ቀኝ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው የተተከሉት ሁለቱ ትናንሽ ዓይኖች ይወለወላሉ፤ በመካከላቸው ሰው ወይም ዕቃ ካለ ሞተሩ በሩን እንዳይዘጋ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ማጠፊያዎቹ ግራሶ ይቀባሉ። አራተኛ ሞላውና ካቦዎቹ በባትሪ ይታያሉ። በመጨረሻ ሶኬቱ ተሰክቶ በሩ በሞተር ከወረደ በኋላ ብቻ ቀዩ ገመድ ተጎትቶ በሩ ከሞተሩ ይለያል፤ በእጅ እስከ ወገብ ተነሥቶ ይለቀቃል። ባለበት ከቆመ ጤነኛ ነው። ከታች በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ «በሩ ከላይ ሳለ ቀዩ ገመድ አይነካም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ሆና፣ ክፉ የሚያስብ ሰው ሆና ነበር ያነበበችው።  ይህን ያነበበ ሁሉ ሽማግሌው መቼ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንገቱን ከበሩ ሥር እንደሚዘረጋ፣ መቼ ደግሞ ቀና ብሎ ሞላውን እንደሚያይ ያውቃል።

የሞተሩ ሶኬት ተነቅሎ ሽቦው በሥርዓት ተጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ የደረሰውን ፖሊስ ጠየቀችው፤ ማንም እንዳልነካው፣ ከፎቶው ሁሉ በፊት እንደዚያው እንደነበረ ማለላት። ቀዩ ገመድ ጣሪያው መካከል ካለው የሞተሩ ክንድ ወርዶ ይወዛወዛል፤ ክንዱ ከበሩ ተላቋል፤ ማለት ገመዱ ተጎትቷል። ከገመዱ እስከ ደፉ በእርምጃዋ ለካች። አራት እርምጃ ከግማሽ።

ከዚያ ከበሩ መክፈቻ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ዘንግ ላይ ወደተጠመጠመው ወፍራም ሞላ አንጋጠጠች። መሰላል ፈለገች፤ መሰላሉ ከተሣለለት ቦታ የለም። ሐሙስ ዕለት ጎረቤት ተውሶት ነበር፤ ሄደው አመጡላት። ወጥታ አየች። ሞላውን ከዘንጉ ጋር አጥብቀው የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ራሳቸውን አውጥተዋል። አንድ ሰው ሲጠብቁ የት እንደቆሙ ለማወቅ በቢጫ ቀለም ምልክት አድርጎባቸው ነበር፤ ምልክቱ አሁን ሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ጣቷን በዘንጉ ላይ አሳለፈች። ለስላሳ ነው፤ አንድ ጭረት የለውም።

«ምን አገኙ?» አለ ከታች ፖሊሱ።

«ያልተፋቀ ብረት» አለችና ወረደች።

*

ሚስትየዋ ሳሎን ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ ተቀምጣለች። የቀሚሷ እጅጌ እስከ ክርኗ ረጥቧል። ባለትዳር ሆና ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖራለች። ጠዋት የሆነውን ሳትቸኩል ተናገረች። ሁለት ሰዓት ላይ ባሏ የልጃቸውን መኪና ከጋራዡ አውጥቶ ግቢ ውስጥ አቆመ፤ በሩን እንደተከፈተ ትቶ ለቁርስ ገባ። ሦስት ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ወደ ጋራዡ ሄደ፤ ልጅቷ ገበያ ወጣች፤ እሷ በጓሮ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ሩብ ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

«ከመውደቁ በፊት ሌላ ድምፅ ሰምተዋል? የሞተር ድምፅ?»

«የለም ልጄ። ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው።»

«ከዚያ?»

«ሮጬ በወጥ ቤት ገባሁ። ወንድሜም መጣ።»

«ማን ቀደመ?»

ሴትየዋ እርጥቡን እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው፤ እንደገና ወደ ላይ ጠቀለለችው። «እኔ» አለች። ከዚያ በኋላ የጠየቀቻትን ሁሉ በአንድ ቃል ብቻ መለሰች።

ወንድምየው ዓርብ ማታ መጥቶ ያደረ ነው። ቤተሰቡ «ትንሹ» ይለዋል። እናታቸው ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ስሙም ከዚያ ጊዜ ቀርቶበታል። አሁን ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ በየበሩ አንገቱን ሰብሮ ካልሆነ አያልፍም፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ያሳዝናል። አቶ ብሎን ጡረታ በወጣበት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፤ ለቅሶውም የውሸት አልነበረም። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች፤ እውነተኛ ለቅሶ ብዙ ዓይነት እንደሆነ ከሥራዋ ተምራለች።

ፎቅ ላይ ጢሙን ሲላጭ እንደነበረ ነገራት። በሩን በተመለከተ ከሪሞቱ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለአማቹ እንደተወለት ጨመረ።

«ምን ሰሙ?»

«ሞተሩ ሲያጓራ ሰማሁ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው፤ ሲዘጋ ያጓራል። ወዲያው ያ ድምፅ… ማሽን እኮ ነው፣ አንድ ቀን መክዳቱ አይቀርም።»

«ሞተሩን በደንብ ሰምተዋል?»

«እንደማይሽ ነው የሰማሁት።»

ጻፈችው። አመስግናው ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ ቁመቱን በዓይኗ ለካች።

ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነው ያገኘችው፤ ዳቦው አሁንም ከነከረጢቱ ክንዷ ሥር ነው፤ የሚቀበላት አላገኘችም። መርማሪዋ ቀስ ብላ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ስለ ቁርሱ ጠየቀቻት። ሦስቱ፣ አባትና እናት እሷም፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ከጠረጴዛው አልተነሡም። አጎቷ ግን ሻዩን ቶሎ ጨርሶ ሲጋራ ላጭስ ብሎ በዋናው በር ወደ ግቢው ወጣ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተመለሰ።

«አባትሽ ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

 ልጅቷ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሐሙስ ዕለት አባቷ የነገራትን ተረከች። ከአምስት ዓመት በፊት በፋብሪካው አንድ ሠራተኛ መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሞቷል። ማሽኑ እጅ ሲገባበት የሚያስቆመው ዓይን ነበረው፤ ዓይኑ ግን ጠፍቶ ተገኘ። ያጠፋው ሠራተኛው ራሱ ነው፣ በቸልተኝነቱ ሞተ የሚል ሪፖርት ወጣ። ሪፖርቱን የፈረመው አባቷ ነበር።

«‹ውሸት ፈርሜያለሁ› አለኝ አባዬ። ‹ሚስቱ ባልሽ ራሱን ገደለ እየተባለች አምስት ዓመት ኖረች። ሰኞ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ከሷ ቤት ወደ ፖሊስ እሄዳለሁ።› ለማን ብሎ እንደፈረመ ስጠይቀው ግን አልነገረኝም።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ዓርብ ማታ ለአጎቴ ነገረው። ሁለቱ ጋራዡ ውስጥ ሲያወሩ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ አጎቴ ሲወጣ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።»

*

በር ጠጋኙ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚው ላይ ኩርምት ብሏል። አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጣቶቹ በጠባሳ የተሞሉ ሰው ነው። እሷን ሲያይ ተነሣ፤ መሐላ ጀመረ። ተቀመጥ አለችው። መሐላውን ትቶ ሥራውን እንዲያስረዳት፣ ምንም እንደማታውቅ አድርጎ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። ሰውዬው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ሲለቅ ታየ።

የበሩ ክብደት ወደ መቶ ሃምሳ ኪሎ ይሆናል። የሚሸከመው ሞተሩ አይደለም፤ ሞላው ነው። ሞተሩ በሩን እጁን ይዞ ይመራዋል እንጂ አያነሣውም። ሞላው ከሌለ በሩ የሚወርድ ግድግዳ ነው።

«ጋሽዬ ሦስት ጊዜ አስፈትተው አስጠብቀውኛል። ቢጫ ቀለሙን የቀባሁት እሳቸው አዘውኝ ነው። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ ግን አጥብቄ ነው የሄድኩት።»

«አላጠበቅህ ቢሆንስ? ምን ይሆን ነበር?»

«ሰምተሽ ትሸሺ ነበራ። ያ ሞላ በሩ ከታች ሳለ አንበሳ ነው፤ በሩ ከላይ ሳለ ግን ድመት ነው፤ ጉልበቱን ሁሉ ጨርሷል። ብሎኑ ላልቶ በሩ አንድ ጊዜ ቢዘጋ ሞላው በዘንጉ ላይ እየጮኸ ይሽከረከራል፤ ብረቱን አኝኮ ይተፋዋል። ከዚያ ወዲያ በሩን ሞተሩም አያነሣው።»

«ከረቡዕ ወዲህ በሩ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል?»

«የልጅቷ መኪና ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። አንቺው ቁጠሪው።»

«ብሎኑን ለማላላት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ከላይ ሳለ? በዐሥር ቁጥር መፍቻ አንድ ደቂቃ። ፈጽሞ ከፈታሽው ዘንጉን ሳይፍቅ ዝም ብሎ ይለቃል። ግን ከላይ ሳለ መፍታት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ሞላውን አይቶ ይሸሻል።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «መሰላልም ያስፈልጋል። እኔ የራሴን ይዤ ነው የሄድኩት።»

ቅዳሜ ጠዋት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከተማው ሌላ ጫፍ በር ሲገጥም ነበር፤ ባለቤቶቹን ደውላ አረጋገጠች። ከዚያ የፋብሪካውን የዛሬ አምስት ዓመት የአደጋ ሪፖርት አስመጣች። ሦስተኛው ገጽ ላይ በዚያ ቀን የነበረው የፈረቃ ኃላፊ ስም ተጽፏል። ከሥሩ የኃላፊው ቃል አለ፤ ዓይኑን ሠራተኛው ራሱ እንዳጠፋው ይመሰክራል። ሌላ ምስክር የለም።

አለቃዋ ማታ ደውሎ ፈረምሽ ወይ አላት። ነገ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እፈርማለሁ፤ አንድ ከረጢት አሸዋ ይፈቀድልኝ አለችው።

*

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ቆመዋል። ሚስትየዋ ከልጇ ክንድ ጋር ተያይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። ትንሹ መተላለፊያው አፍ ላይ፣ ጣሪያው የሚነካው መስሎ አቀርቅሯል። በር ጠጋኙ በካቴና መጥቷል። በሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ጣሪያው ሥር እንደ ብረት አልጋ ተኝቷል፤ ከሞተሩ ክንድ ጋር ተያይዟል። ሞላው እንደተገኘ ነው። ደፉ ላይ፣ ሽማግሌው በወደቀበት ቦታ፣ የአሸዋ ከረጢት ተቀምጧል። ከደጅ የሚገባው ብርሃን የሁሉንም ጥላ ወደ ውስጥ ጎትቶታል።

«እህቴ ይህን ማየት የለባትም» አለ ትንሹ።

«አያለሁ» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ቀዩን ገመድ ያዘች። «ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ተሳስቶ ይህን ገመድ ጎትቶ ሊሆን ይችላል ተብያለሁ። ጎተተ፣ ወደ ደፉ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ በሩ ወደቀበት። እስቲ እንየው።»

ጎተተች። ቀጭን የብረት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ በሩ እንደ ተለቀቀ ጎርፍ ወረደ። ጋራዡ ጨለመ። ወለሉ ከእግራቸው ሥር ዘለለ። መርማሪዋ አንድ እርምጃ አልተራመደችም ነበር። ፖሊሱ መብራት ሲያበራ ከረጢቱ ከሁለት ተቀዶ አሸዋው ወደ እግራቸው ፈስሶ ተገኘ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ሚስትየዋ አላዞረችም።

መርማሪዋ ድምፅዋን ሳታነሣ ቀጠለች።

«በሩ ጊዜ አይሰጥም። ሟቹ ከገመዱ አራት እርምጃ ከግማሽ ርቀው፣ ጨርቅ ይዘው፣ ዓይኑን ሲወለውሉ ነበር። ስለዚህ ገመዱን የጎተተ ሌላ ሰው ነው፤ እዚህ፣ እኔ የቆምኩበት ቆሞ ነው። በሩ ሲወድቅ ወደ ደጅ መውጫ የለውም። የወጣው በዚህ መተላለፊያ፣ ወደ ቤቱ ነው።»

ትንሹ አንድ እርምጃ ከመተላለፊያው አፍ ራቀ። ራሱም ሳያውቀው ይመስላል።

«ቀጥሎ ሞላው። ረቡዕ ሳይጠብቅ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በሩ መጀመሪያ ሲዘጋ ዘንጉ ይፋቅ ነበር። አልተፋቀም። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይም በሩ በደህና ተከፍቷል። ስለዚህ ብሎኖቹ የላሉት ቅዳሜ በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ ሟቹ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ነው። አንድ ሰዓት አለን። በዚያ ሰዓት ይህ ሰው ከተማው ሌላ ጫፍ ነበር።» ወደ በር ጠጋኙ ጠቆመች። «ሦስቱ ቁርስ ላይ ነበሩ። ከጠረጴዛው የተነሣ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሲጋራ ነው ያጨስኩት» አለ ትንሹ።

«ሊሆን ይችላል። ብሎኖቹ ያሉት ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ነው። መሰላሉ ጎረቤት ነበር፤ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚቆሙበት ሌላ ነገር የለም። እኔ ብንጠራራ አልደርስም። ጠጋኙም አይደርስም። እርስዎ ክንድዎን ብቻ ቢያነሡ ይበቃል። መፍቻውን ከግድግዳው አንሥተው መልሰው ሰቀሉት፤ ግን አዙረው ሰቀሉት። የዚህ ቤት ባለቤት በሕይወታቸው እንደዚያ አድርገው የሰቀሉት መፍቻ የለም።»

«መፍቻ ዞረ ብለሽ ሰው ልታስሪ ነው?»

«ሞተሩን ሰማሁ ብለውኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ሟቹ ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ እንደተነቀለ ፎቶ አንሥቶታል። ያልተሰካ ሞተር አያጓራም። ሞተሩ ነው የገደለው ለማለት ያልነበረ ድምፅ ፈጠሩ። ዝርዝሩን አንብበውታል፤ መቼ እንደሚንበረከኩ፣ ሞላውን የሚያዩት ዘግይተው እንደሆነ ያውቁ ነበር። ግን እርስዎ የገቡት ከኋላቸው ነው፤ ዓይንዎ ከጀርባቸው አልተነሣም። ሚስማሩ ላይ የተጠቀለለውን ሽቦ አላዩትም።»

ከዚያ የፋብሪካውን ሪፖርት አውጥታ ሦስተኛውን ገጽ አነበበች። የፈረቃ ኃላፊው ስም ሲጠራ ልጅቷ አጎቷን ቀና ብላ አየችው። ምርት እንዳይቆራረጥ የማሽኑ ዓይን እንዲጠፋ ያዘዘው ሰው፣ የሞተውን ሠራተኛ ወንጅሎ የመሰከረውም ሰው አንድ መሆኑን መርማሪዋ አልደጋገመችም። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ሰኞ ይህ ሁሉ ሊወጣ ነበር፤ ትንሹ ያን ያወቀው ዓርብ ማታ ነው።

ትንሹ ላቡን በመዳፉ ጠረገ። «ፎቅ ነበርኩ» አለ። «ከእኔ በፊት የደረሰችው እሷ ናት። እታለም፣ ንገሪያቸው።»

ሁሉም ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አሸዋውን አየች። መርማሪዋ አልገፋቻትም። አንዳንድ ቃል ተጎትቶ አይወጣም፤ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

«ዋሽቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከጓሮ ሮጬ ስገባ እሱ ከዚህ መተላለፊያ ሲወጣ ነው ያገኘሁት። ወጥ ቤቱ መካከል አቀፈኝ። ‹አትሂጂ፣ አትይው› አለኝ። አጥብቆ ያዘኝ። ለእኔ አዝኖ ነው ብዬ ነበር።» መዳፏን አንሥታ አየችው። «እጁ ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር። ጢሙን ሲላጭ የነበረ ሰው ሳሙና ነው የሚሸተው። ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ማወቄን ነው የፈራሁት።»

«እታለም…»

«ዝም በል።»

 ትንሹ ከነቁመቱ ታጥፎ ግድግዳው ሥር አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ለአማቹ ተንበርክኮ መለመኑን ተናገረ። ሰኞ እንዳይሄድ፣ ልጆቹ የእስረኛ ልጆች እንዳይባሉ ለምኖት ነበር። አማቹ የመለሰለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞተው ሠራተኛ ልጆችም ልጆች ናቸው አለው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አድሮ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ ነው እጁ መፍቻው ላይ ያረፈው፤ ሌላውን በትክክል አያስታውሰውም። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አያት።

«ያኔ እንዲፈርም የለመንሽው እኮ አንቺ ነሽ። ለእኔ ብለሽ ለምነሽዋል።»

ልጅቷ የእናቷን ክንድ ለቀቀች።

«አዎ» አለች ሚስትየዋ። «ለምኜዋለሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከበር ጠጋኙ እጅ ፈትቶ ትንሹ እጅ ላይ አሰረው። ጠጋኙ አንጓውን አላሸም፣ አላጉረመረመም። አጣናዎቹን አነሣ፤ ፖሊሶቹ በሩን ከፍ እንዲያደርጉለት ጠይቆ ግራና ቀኝ አስደገፈው፤ በእግሩ ገፋ አድርጎ ፈተሸው። «አሁን እለፉ» አለ። ትንሹ በሥሩ ሲያልፍ ከሁሉም በላይ ጎንበስ ማለት ነበረበት። ወደ እህቱ አልዞረም። ወይም መዞር አልቻለም።

መርማሪዋ ሚስትየዋን ቃሏን ልትቀበላት ወደ ሳሎን ይዛት ገባች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ አልገባችም፣ አልሄደችም። ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ባንድ ጠዋት ባሏን፣ ባንድ ከሰዓት ደግሞ አዝላ ያሳደገችውን ያጣች ሰው አልመሰለችም፤ ብዙ ዓመት የተሸከመችውን ዕቃ የት እንደምታኖር የምትፈልግ ሰው ትመስል ነበር።

መርማሪዋ ወረቀት አወጣች። ቀኑን ጻፈች። ከሥሩ «ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ» ብላ ጀመረች።

ሴትየዋ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይህ ይቆይ ልጄ» አለች። «ከእኔ ባል በፊት ፋብሪካው ውስጥ የሞተውን፣ የሷን ባል ጻፊልኝ።»

መርማሪዋ የጀመረችውን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ አዲስ አወጣች። ልጅቷ ከበሩ መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።